ልጆች ይዞ ፋያስን ቫሌንሲያ ማክበር

ሰላም እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። ለፋያስ፣ ማለትም ቫሌንሲያ ግዙፍ ምስሎች አቁማ ለምታቃጥልበት የማርች በዓል፣ ከተማ ልቆይ ወይስ ልውጣ ላልሽው፣ የእኔ መልስ ቆዪ ነው። ከእኛ ሰዎች ጩኸቱን ሸሽቶ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ የሚሄድ አለ። አልፈርድበትም። ለልጆች ግን ከዚህ የሚበልጥ በዓል ስፔን ውስጥ አላየሁም።

ስለ ጩኸቱ አልዋሽሽም። ከማርች 1 እስከ 19 በየቀኑ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ ማስክሌታ የሚሉት የርችት ውርጅብኝ አለ። የሚታይ ነገር የለውም፤ ጭስና ድምፅ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ግን ደረት ድረስ ይሰማል። ለትንሹ የጆሮ መከላከያ ግዢለት፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቤታችሁ ጦርነት አይቶ የመጣ ሰው ካለ ወደዚያ አትውሰጂው። በየመንገዱም ልጆች ርችት ሲወረውሩ ስለሚውሉ አስቀድመሽ ንገሪው።

ደስ የሚለው ከ15 በኋላ ነው። በየሰፈሩ ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከፎም የተሠሩ ግዙፍ ምስሎች ይቆማሉ። ፖለቲከኛው፣ ዝነኛው፣ ሁሉም ይቀለድበታል። ከትልቁ አጠገብ የልጆች የሆነ ትንሽ አለ። 19 ማታ ሁሉም ዶግ አመድ ይሆናል። በሕዝብ ድምፅ ከእሳት የሚተርፉት ከትልልቆቹ አንድ ምስል፣ ከልጆቹም አንድ ብቻ ናቸው።

ለማቃጠሉ ማዘጋጃ ቤት ጋ አትጋፊ፤ የሰፈርሽ ይበቃል። የልጆቹ ቀድሞ፣ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ይለኮሳል። የሰፈሩ ሕፃናት የበዓሉን የሐር ቀሚስ እንደለበሱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሕንፃዎቹን ግድግዳ በውኃ ያርሳሉ። ልጄ «ታዲያ ለምን ሠሩት?» ብትለኝ ስለ ደመራ ነገርኳት። ቀኑም እኮ ግጥምጥሞሽ አለው። ለእነሱ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው፤ ለእኛ መጋቢት 10፣ መስቀሉ የተገኘበት። ጾም ውስጥ ስለሚውል ነው መስከረም ላይ የምናከብረው።

ከጾም ጋር እንዴት ይሆናል ስላልሽው፣ ፋያስ ሁሌም ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚውለው። ግን ቡኙኤሎ አለልሽ። ዱባ፣ ዱቄትና እርሾ ተቦክቶ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል፣ የቦንቦሊኖ ዘመድ በዪው። አብዛኛውን ጊዜ እንቁላልም ወተትም አይገባበትም፤ ሆኖም ጠይቂ። አብሮት የሚቀርበው ትኩስ ቸኮላት ግን ብዙ ቦታ ወተት አለበት።

ለልጆቹ ሙሉውን የበዓሉን ባህላዊ ልብስ ግዢ ብለው እንዳያስጨንቁሽ፣ ዋጋው አይቀመስም። ሰፊ ጥቁር ሸሚዝና የአንገት መሐረብ ከበቂ በላይ ነው። የሕፃን ጋሪም ቤት ይቅር፣ እዘይው። በዋናዎቹ ቀናት ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ መኪናውን እርሺው።