ታሪኩ ያልታወቀ ሞተር በፍላሽ ይታጠባል?

ባለኮሮላ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር 210,000 ኪሎ ሜትር የሄደች የ2003 ሞዴል ኮሮላ ገዛሁ፤ ሞተሯ ባለ 1.8 ሊትሩ ዋን ዜድዜድ ነው። የቀድሞው ባለቤት ዘይቷን በስንት ኪሎ ሜትር ይቀይር እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት የለም። የዘይት ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮበት አገኘሁ፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩም ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ትበላለች። መካኒኬ ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት የሞተር ማጠቢያ ፍላሽ እንጨምር፣ ካልተገኘም ናፍጣ ይበቃል ይለኛል። ይህን ባደርግ ሞተሩ ይጎዳ ይሆን?

የጋራዥ ሰው፦
ወንድሜ፣ ናፍጣውን ከሐሳብዎ ያውጡት። ፍላሽ በአብዛኛው ከነጭ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽና የአጣቢ ኬሚካል ድብልቅ ነው። በአሮጌው ዘይት ላይ ተጨምሮ፣ መኪናዋ ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ጣሳው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያም ዘይቱ በትኩሱ ተደፍቶ ፊልትሮው ይቀየራል። ዘይቱን ስለሚያቀጥነው በዚያ ሁኔታ መንዳት ፈጽሞ አይገባም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሚሟሟው ሳይሆን ሳይሟሟ ተገንጥሎ የሚወርደው ዝቃጭ ነው። ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ (ኮፓ) ውስጥ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት መረብ አለ፤ ፊልትሮው ከፓምፑ በኋላ ስለሚገኝ ይህን መረብ አያድነውም። መረቡ ከተደፈነ ፓምፑ የሚስበው ያጣል፣ የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚኖችም (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች) ያለ ዘይት ይፈጫሉ። ስለዚህ አስቀድመው ኮፓውን ያስወርዱ። ዘይት መብላቱን በተመለከተ፣ በዚህ ሞተር የቀድሞ ፒስተኖች ላይ ከዘይት ፋሻው (ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት ከሚጠርገው ቀለበት) ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች ጠባብ በመሆናቸው በካርቦን ይደፈናሉ፤ ቶዮታም በኋላ አሻሽሎታል። የአሥር ደቂቃ እጥበት እዚያ ድረስ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ሾፌር፦
በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት። አንድ ጋራዥ ናፍጣ ጨምሮ ካጠበልኝ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ዳገት ላይ ሳለሁ፣ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ማጥፋት ሲገባኝ እስከ ቤቴ ነዳሁ፤ ሞተሩ መንኳኳት የጀመረው በሬ ላይ ስደርስ ነው። ሲፈታ መረቡ ላይ የተጣበቀው ዝቃጭ በጣት የሚነሣ የቡና አተላ ይመስል ነበር።

ባለኮሮላ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ኮፓው ወርዶ አየሁት፤ መረቡ ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። ፍላሹን ትቼ መረቡና ኮፓው እንዲጸዱ፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮም እንዲገባ አድርጌያለሁ። የሚቀጥለውን ዘይት መቼ ልቀይር?

የጋራዥ ሰው፦
የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅያሬዎች በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ያድርጉ፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው አጣቢ ቀሪውን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ ይለኩ፣ የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭም ያስፈትሹ፤ እርሱ ከተደፈነ እርጥበቱና ጭሱ መውጫ አጥቶ ዝቃጩ እንደገና ይጋገራል።