አስቸኳይ! ካናብ አጠገብ መኪናው ተቀርቅሮብናል

የቬጋስ ልጅ፦ ቤተሰብ ይዤ ነው። ዩታ ግዛት፣ ካናብ ከተማን አልፈን ወደ ፓርያ የፊልም መንደር ስንገባ መኪናው አልሄድ አለ። ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ልጆች አሉ። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉልኝ!

አዲስ ጎማ፦ የጎማውን ንፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርደው። ምንጣፉን ጎማው ስር አንጥፍና ቀስ ብለህ ውጣ።

ሲኒማ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ የፊልም መንደሩ እኮ የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ተቃጥሏል። እዚያ ያለው ባለቀለሙ ተራራ ነው። ካናብን «ትንሿ ሆሊዉድ» ያሰኟት ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተቀረጹባት የካውቦይ ፊልሞች ናቸው። በ1931 የተከፈተው ፓሪ ሎጅ ተዋንያኑ ያርፉበት ነበር። ለፊልም ቀረጻ የተሠሩ የድሮ ቤቶች ከተማው ውስጥ ተሰብስበው ቆመዋል። ጆንሰን ካንየን ያለውንም ከአስፋልቱ ላይ ሆነህ ታየዋለህ። ጭራሽ እዚያ መግባት አልነበረባችሁም።

የቬጋስ ልጅ፦ እሱን በኋላ! ልጆቹ እያለቀሱ ነው።

ጋሽ ሾፌር፦ የበረሃ መንገድ በቤት መኪና አይገባም። ከመግባት በፊት የአየር ሁኔታ ይታያል፣ ውሃና አካፋ ይያዛል። ይሄን ስንቴ ጻፍኩ!

የአሪዞናዋ፦ አሸዋ ነው ጭቃ? ዘንቧል?

የቬጋስ ልጅ፦ ጭቃ። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ አሁን ፀሐይ ነው።

የአሪዞናዋ፦ እንግዲያው ንፋሱን አትንካ፣ እሱ ለአሸዋ ነው። የዚያ አገር አፈር ሲርስ እንደ ዋልካ ነው፤ ፎር ባይ ፎርም አይወጣውም። ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር ይሰምጣል፣ ተወው። እስኪደርቅ ጠብቅ። የቆማችሁት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከሆነ ግን መኪናውን ትታችሁ አሁኑኑ ልጆቹን ከፍ ወዳለ ቦታ አውጣ። ላይ ከዘነበ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይመጣል። የድሮዎቹን የፓርያ ነዋሪዎች ያፈናቀላቸው ጎርፍ ነው። ውሃ ካለቀባችሁ ወይም ልጅ ከደከመ 911 ደውል።

አዲስ ጎማ፦ እኔ ግን አሁንም ንፋሱን ቀንስ ነው የምለው።

ቡና በጤና፦ ካውቦዮቹ በፈረስ የሄዱት ወደው አይደለማ! አይዟችሁ። ሰዓቱን ልብ በሉ፣ ዩታ ከቬጋስ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። የመኪና ጎታች ድርጅት ሳይዘጋ ደውሉ። ኢንሹራንሱ ከአስፋልት ውጭ ይሸፍን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአሪዞናዋ፦ ወንድሜ፣ ወጣችሁ?

ጋሽ ሾፌር፦ ልጄ፣ ስልክህ ሳይዘጋ ያላችሁበትን ቦታ ላክልኝ። ሴንት ጆርጅ ነኝ፣ ፒካፕና ገመድ አለኝ። አስፋልቱ ድረስ መጥቼ እጠብቃችኋለሁ።