ሲሙሌተሩ ግሩም ነው፣ ሰርቨሩ ግን ባዶ ነው፤ ሰው ለምን ኦንላይን አይገባም?

ሦስተኛ_ማርሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የመኪና ውድድር ሲሙሌተር አለኝ፣ በጣም ነው የምወደው። ስሙን ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት። ከጻፍኩት ወሬው ሁሉ የትኛው ሲሙሌተር ይበልጣል ወደሚል ክርክር ይሄድና ጥያቄዬ ይጠፋል።

አነዳዱ ያረካል። ጎማው ሲሞቅም ሲያልቅም መሪው ላይ ይሰማሃል። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ፣ ከኩርባው ስትወጣ ደግሞ የኋላው ሊከዳህ ሲል ቀድመህ ታውቀዋለህ። ዝናብ አለ፣ ሌሊት አለ። ኦንላይን ስገባ ግን የሰርቨሩ ዝርዝር ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ እያለ ይወርዳል። ሰው ያለበት ሲገኝ በፓስዎርድ የተቆለፈ ነው። ክፍት ካገኘሁም ሁለት ሰው ይኖራል፤ አንዱ ይለማመዳል፣ ሌላው ቆሟል፣ ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ይወጣሉ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ጌሙን የገዛው ሰው ጥቂት አይደለም፣ ጌም በሚሸጥበት ስቲም ላይ ብዙ ሰው ከፍቶት ይታያል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን እያደረገ ነው? ችግሩ ፊዚክሱ፣ ማለትም የመኪናው አካሄድ የሚሰላበት መንገድ፣ ነው እንዳልል፣ አነዳዳቸው ከዚህ የቀለለ ጌሞች ሰርቨራቸው ጢም ብሎ ሞልቷል። ዋጋ ነው? ማስታወቂያ ነው? ወይስ ሰው ከሰው ጋር መወዳደር አይፈልግም? የምታውቁ አስረዱኝ። እንዲህ የተለፋበት ነገር ባዶውን ሲቀር ያሳዝናል።


ዝናብ_ጎማ፦

ወንድሜ፣ መልሱ ፊዚክሱ ውስጥ የለም። ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የዋጋውን ነገር እናንሳና እንለፈው። አይሬሲንግ የሚባለው ሲሙሌተር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ። ለአባልነት ይከፈላል፣ ከዚያ በላይ አብዛኛው መኪናና ትራክ ለየብቻው ይገዛል። እንደዚያም ሆኖ ለኦንላይን ውድድር ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ስም እሱ ነው። ሬስሩም የሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ደግሞ ዋናው ጌም በነፃ ይወርዳል፤ ነፃ መሆኑ ብቻውን ሰርቨሮቹን አልሞላቸውም። ስለዚህ ሰው የሚቀረው ገንዘብ ሳስቶ አይደለም።

አይሬሲንግ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ፕሮግራም አወጣ። ይሄ መኪና፣ በዚህ ሳምንት በዚህ ትራክ፣ በዚህ ሰዓት ይነሳል። ሰዓቱ ሲደርስ የተመዘገበው ሰው ይሰበሰባል፣ ብዙ ከሆነ እንደየችሎታው ይከፋፈላል፣ ውድድሩ ይጀመራል። ሳምንቱ ሲያልቅ ትራኩ ይቀየራል፣ 12 ሳምንት ሲሞላ የውድድር ዘመኑ ያበቃል። አንተ የምትመርጠው ነገር ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም ሌላው ሰው የመረጠውን ትመርጣለህ።

አሁን ያንተን ሲሙሌተር አስብ። 30 መኪናና 20 ትራክ አለው እንበል። ይሄ 600 አማራጭ ነው፣ የአየር ሁኔታውንና የውድድሩን ርዝመት ሳንቆጥር። በአንድ ምሽት 100 ሰው መወዳደር ቢፈልግ አንዱ ጂቲ3 የሚባለው የውድድር መኪና ያምረዋል፣ ሌላው የድሮ ፎርሙላ፣ ሌላው ከጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ትራክ ውጪ አልነዳም ይላል። እያንዳንዱ የየራሱን ሰርቨር ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሰው ሲያጣ ይዘጋል። ሙዚቃው ተከፍቶ ሁሉም ጥግ ይዞ ቀድሞ የሚነሳ ሰው እንደሚጠባበቅበት ድግስ ነው፤ መጨፈር የማይፈልግ የለም፣ ወለሉ ግን ባዶ ነው። ባዶነቱ ራሱ ባዶነትን ይወልዳል። ዜሮ ያየ ሰው አይገባም፣ ስላልገባ ቀጣዩም ዜሮ ያያል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ያለበት ሰርቨር ብታገኝ እንኳ ውድድሩ ተጀምሮ ነው የምትደርሰው። 40 ደቂቃ ቀርቶታል ይልሃል። ማን ይጠብቃል? ግራን ቱሪስሞ ስፖርት የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመጣ ይሄንን የገባው ይመስለኛል። የቀን ውድድሮቹን ጥቂት አደረጋቸው፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚነሳ በሰዓት ቆጣሪ አሳየ፣ ሁሉንም ሰው እዚያው ላይ ሰበሰበ።

በጣም የሚያስተምረው ምሳሌ ግን አርፋክተር 2 የሚባለው ሲሙሌተር ነው። ጎማውንና መሪው ላይ የሚሰጠውን ስሜት ያላደነቀ የለም፣ ክፍት ሰርቨሮቹ ግን ለዓመታት ጭር ያሉ ነበሩ። ከዚያ በዚያው መሠረት ላይ ‹‹ለማን አልቲሜት›› (Le Mans Ultimate) የሚባል ሲሙሌተር ተሠራና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ወጣ። ሰዓት የተቆረጠላቸው ውድድሮች ይዞ መጣ፣ ሰውም ገባ። የፊዚክሱ ሥር አንድ ነው፤ የተቀየረው ሰው የሚገናኝበት መንገድ ነው።


ፍሬን_ላይ፦

ዝናብ_ጎማ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሰዓቱ ሰውን ያመጣል። የመጀመሪያው ኩርባ ደግሞ ያባርረዋል።

አዲስ ሰው ምን እንደሚገጥመው ተመልከቱ። መሪና ፔዳል ገዛ፣ ብቻውን ተለማመደ፣ ልቡ እየመታ ኦንላይን ገባ። ቀዩ መብራት ጠፋ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከኋላው ያለው ፍሬን ሳይዝ መጥቶ ገጨው። መኪናው ተሰባበረ፣ ምሽቱ አለቀ። የገጨው ሰው ምንም ሳይሆን ቀጣዩን ውድድር ይገባል። አዲሱ ሰው ይሄንን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ ወደ ቦቶቹ፣ ኮምፒውተሩ ወደሚነዳቸው መኪኖች፣ ይመለሳል፣ አይፈረድበትም። ጎበዙም አይቆይም፣ እሱ ወደ ሊግ፣ የተመዘገቡ ብቻ ወደሚወዳደሩበት ቡድን፣ ይሄዳል። ክፍቱ ሰርቨር ላይ ማን እንደሚቀር አስቡት።

ስለዚህ የጥንቃቄ ነጥብ የሌለው ሲሙሌተር ሰዓት ቢቆርጥም ሰው አያቆይም። አይሬሲንግ ላይ ከትራኩ ስትወጣ 1፣ መኪናው ከቁጥጥርህ ሲያመልጥ 2፣ ከሌላ መኪና ጋር ክፉኛ ስትጋጭ 4 ነጥብ ይጻፍብሃል። ጥፋተኛው ማነው ብሎ አይጠይቅም፣ ለሁለታችሁም ይጽፋል። ብዙ ሰው ይሄ ፍትሕ አይደለም ይላል። እኔ ግን በጣም አምንበታለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ‹‹መብቴ ነው›› ብሎ ጎን ለጎን ከመግባት ይልቅ አጠገቡ ያለው ሰው ሊሳሳት እንደሚችል አስቦ ቦታ መተው ይለምዳል። ነጥብ ያበዛ ሰው ጌሙ የሚሰጠው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ አያድግም፣ ወደ ፈጣኖቹ መኪኖች አይደርስም። ቅጣቱ ይሄው ነው፣ ይበቃልም።

ኔትኮዱንም፣ የመኪኖቹን ቦታ በኢንተርኔት የሚያስተላልፈውን የጌሙን ክፍል፣ አትርሱ። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መረጃው 100 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ መኪናው 7 ሜትር ሄዷል ማለት ነው፣ ከራሱ ርዝመት ይበልጣል። አንተ ስክሪንህ ላይ የምታየው ተቃዋሚህ ያለበትን ቦታ ሳይሆን ፕሮግራሙ ‹‹እዚህ ሳይደርስ አይቀርም›› ብሎ የገመተውን ነው። ተኩስ ጌም ላይ ይሄ ጥይት ያስትሃል። እዚህ ግን ሁለት ሰው በግማሽ ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ኩርባ ይገባል፣ ግምቱ ትንሽ ሲስት አንተ ምንም ሳትነካው እሱ ተገጭቶ ከትራኩ ይወጣል። ከዚያ ቻቱ ላይ ስድብ ይጀመራል፣ ሁለቱም በየስክሪናቸው ያዩት ልክ ነው። ከሰርቨሩ ርቆ የሚኖር ሰው ደግሞ ገና ሳይነዳ ‹‹ፒንግህ (መረጃህ የሚዘገይበት ጊዜ) ከፍተኛ ነው›› ተብሎ ይባረራል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በሲሙሌተር በተካሄደው የለማን (Le Mans) 24 ሰዓት ቨርችዋል ውድድር የፎርሙላ 1 ነጂው ማክስ ፈርስታፐን እየመራ ሳለ ከሰርቨሩ ተቋረጠ፣ ንዴቱንም በአደባባይ ተናገረ። የዓለም ሻምፒዮን ያንን ሲያይ ተራው ሰው ምን ይላል?


ቀይ_ባንዲራ፦

እኔ ሊግ ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ። ስለተቆለፉት ሰርቨሮች ልመልስ።

ፓስዎርድ የምናስገባው ሰው ጠልተን አይደለም። ለሁለት ሳምንት የተለማመደ 25 ሰው ሰዓቱን አመቻችቶ ሲገባ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ትራኩ ላይ ወደ ኋላ እየነዳ ውድድሩን ቢያበላሽ ማን ይመልስለታል? እና እንቆልፋለን። ግን አመጣጡን ሳስበው ያሳስበኛል። ጎበዞቹና ጨዋዎቹ ወደ እኛ ሲመጡ ክፍቱ ሰርቨር ይደኸያል፣ ክፍቱ ሲደኸይ አዲስ ሰው ሊግ መኖሩን ሳያውቅ ጌሙን ይተወዋል። እኛም ከጊዜ በኋላ የምንተካው ሰው እናጣለን። ሊግ ሲሙሌተርን በሕይወት ያቆያል፣ ግን ብቻውን አያሳድገውም።

ሌላው የሚከፋፍለን ለብቻው የሚሸጥ የመኪናና የትራክ ፓኬጅ ነው። ውድድር ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹‹ማን ደስ ይለዋል›› የሚለውን አይደለም፣ ‹‹ማን ይሄን መኪና ገዝቷል›› የሚለውን ነው። በአዲስ ፓኬጅ ትራክ ላይ ካዘጋጀሁ ከሰዉ ግማሹ ይቀራል፣ በድሮው ካዘጋጀሁ ሌላው ሰለቸኝ ይላል። ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩት ተጨማሪ፣ ሲሆን ይብሳል። አንዱ የድሮውን ፋይል ይዟል፣ አንዱ አዲሱን፣ ሰርቨሩ ‹‹አይመሳሰልም›› ብሎ ያስወጣዋል፣ እኔ በመወያያው በዲስኮርድ ላይ ፋይል የቱ ፎልደር ውስጥ እንደሚቀመጥ ሳስረዳ ውድድሩ ይጀመራል። ሰርቨር መክፈቱም ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ ሲሙሌተር ላይ የጽሑፍ ፋይል ከፍተህ በእጅ መጻፍ አለብህ። ይሄንን ማንም አያይልህም፣ ጌሙ ሲተነተንም አይነሳም፣ ግን ምሽቱን የሚያበላሸው እሱ ነው።

አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ በሚባለው ሲሙሌተር ላይ የሆነው ደስ ይለኛል። ሎው ፊውል ሞተርስፖርት የሚባለውን መድረክ ከጌሙ ሠሪዎች ውጪ ያሉ ሰዎች ሠሩት፤ ሰዓት አለው፣ ደረጃ አለው፣ አጥፊን ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። ጌሙ ውስጥ የሌለውን ማኅበረሰቡ ከውጭ ቀጠለለት ማለት ነው።


ብቸኛ_ዙር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ብዙ ሰው ኦንላይን መግባት አይፈልግም። ስለፈራ አይደለም፣ ስላልፈለገ ነው።

የሲሙሌተር ውድድር ሰው የማይነካህ አንድ ሰዓት ይጠይቃል። ልጅ ያለው ሰው፣ ስልክ የሚጠበቅበት ሰው ያ ሰዓት የለውም። ከቦት ጋር ሲሆን ታቆመዋለህ፣ ተነስተህ ትመጣለህ፣ ትቀጥላለህ። አውቶሞቢሊስታ 2 የሚባለውን ሲሙሌተር ተመልከቱ፤ የብራዚሉ ኩባንያ ሬይዛ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ነው። ክፍት ሰርቨሩ ሁሌም የሞላ ነው የሚል የለም፣ ሰዉ ግን ከቦቶቹ ጋር በድሮ መኪኖች ሲወዳደር ይውላል፣ ደስተኛም ነው። ሦስተኛ_ማርሽ ስቲም ላይ የምታየው ሰው የት ሄደ ብለሃል። የትም አልሄደም፣ እየነዳ ነው።

ስለ አርፋክተር 2 ደግሞ ዝናብ_ጎማ ታሪኩን ቀለል አድርገኸዋል። እሱም በኋላ ሰዓት የተቆረጠላቸው ውድድሮች ተጨምረውለት ነበር፣ ሰዉ ግን ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው የመጡለት። ለማን አልቲሜት ደግሞ የዓለም የጽናት ውድድር ሻምፒዮናን መኪኖችና ትራኮች በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ነው የመጣው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ያየውን መኪና መንዳት ይፈልጋል።

ሰዓት ብቻ ነው መልሱ የሚለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጀመሪያው አሴቶ ኮርሳ ላይ የቶኪዮን የሹቶኮ አውራ ጎዳና በሞድ የሠሩ ሰዎች አሉ። መነሻ ሰዓት የለም፣ አሸናፊ የለም። ሰው በፈለገው ጊዜ ይገባል፣ በተሽከርካሪው መሀል እየሾለከ ይነዳል፣ ያወራል፣ ሲደክመው ይወጣል። ሰርቨሮቹ ሙሉ ናቸው! ስለዚህ ሰው ሰውን አልጠላም። የጠላው 15 ደቂቃ ልምምድ፣ 10 ደቂቃ ማጣሪያ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ኩርባ መገጨትን ነው።


ሦስተኛ_ማርሽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሹቶኮው ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የ600ው አማራጭ ነገርም ገባኝ፤ እኔ ራሴ ሁልጊዜ የምፈልገው ጥምረት አለኝ፣ እሱ ከሌለ አልገባም።

እና ሠሪዎቹ ምንም ባያደርጉ ተጫዋቹ ከታች የሚጀምረው ነገር አለ? ወይስ አለቀለት?


ዝናብ_ጎማ፦

አላለቀለትም። ብቸኛ_ዙር ስለ ለማን አልቲሜት ሕጋዊ ፈቃድ ያልከው እውነት ነው፣ እቀበላለሁ።

አንድ ምሽት ምረጥ፣ በየሳምንቱ ያው ይሁን። ዋናው ጌም ውስጥ ያለ መኪና ይሁን፣ ፓኬጅ የሚጠይቅ አይሁን። ፈጣን መኪና አትምረጥ፤ ኃይሉ አነስ ያለ መኪና ሲሆን ሰው ይጠጋጋል፣ ግጭቱም ይቀላል። ልምምዱ 10 ደቂቃ፣ ውድድሩ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው ሁለተኛ ውድድር፣ የዘገየ ሰው ብዙ እንዳይጠብቅ። የተገጨም ምሽቱ አያልቅበትም።


ቀይ_ባንዲራ፦

እና ሰዓቱን ስትለጥፍ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ጻፍ፣ በዚህ ብቻ ስንት ሰው ይቀራል። ከእኛ ሊግ ቀርፋፋዎቹ ውስጥ ክፍት ውድድር የሚወዱ አሉ፣ እነግራቸዋለሁ። ፓስዎርድ ግን እንዳታስገባበት። አጥፊ ከመጣ አስወጣው፣ ለዚህ የሚሆን አንድ የማይወዳደር ሰው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እኔ እቀመጥልሃለሁ።


ሦስተኛ_ማርሽ፦

በጣም ደስ ይለኛል። ረቡዕ ማታ እንበል፣ ሰዓቱን ከነአገሩ ነገ እለጥፋለሁ። ብቸኛ_ዙር አንተም ና፣ ሁለተኛው ውድድር ላይ ብቻ ብትገባም ይበቃል።


ብቸኛ_ዙር፦

ልጆቹ ከተኙ እመጣለሁ። መኪናው ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን የሚያሽከረክር ይሁን።