641 ከየት መጣ?

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ 4,294,967,297 ነገርኋቸው፤ 2³² ላይ 1 ሲደመር የሚገኘው ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መስሎት ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1732 ቁጥሩ 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «641ን ከየት አመጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት እኔ ወረቀቴ ላይ ነኝ። የዚያ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ በ64 ሲካፈሉ 1 እንደሚተርፋቸው አነበብሁ። እንግዲያው ከ641 በፊት መሞከር ያለባቸው 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው! ምን ያህል ያምራል!

የቸገረኝ ምክንያቱ ነው። 2³² በአካፋዩ ሲካፈል ቀሪው ከአካፋዩ በ1 ያንሳል፤ ስለዚህ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ይሆናል። ከ1 እስከ 63 ባሉት አርቢዎች ግን ቀሪው 1 እንደማይሆን ገብቶኛል። ታዲያ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ለ64 ያለ ቀሪ የሚካፈለው ለምንድን ነው? ለተማሪ በሚገባ መንገድ ልታስረዱኝ የምትችሉ እባካችሁ ጻፉልኝ። ልጅቷ ሰኞ መልሱን ትጠብቃለች።