ነፍሳትን ለሳይንስ መሳል ሙያ ይሆናል? ከየትስ ይጀመራል?

ጢንዚዛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስዕል ላይ እጄ ደህና ነው ይሉኛል። የሰው ፊትና መልክዓ ምድር ስስል ቆይቼ አንድ ቀን ጢንዚዛ በማጉያ መነጽር እያየሁ ሳልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መሳል አላሰኘኝም። ለሳይንስ መጽሔቶችና ለሙዚየሞች ነፍሳት እየሳሉ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ባዮሎጂ መማር ግድ ነው? ካሜራ እንዲህ በረቀቀበት፣ ኤአይም ምስል በሚሠራበት ጊዜ ስዕል የሚፈልግ ተመራማሪ አለ? ደግሞስ እንጀራ ይሆናል? በሥራው ውስጥ ያላችሁ እህታችሁን በግልጽ ምከሩኝ፣ አታባብሉኝ።

ነጥብ በነጥብ፦
እህቴ፣ ከካሜራው ልጀምር፣ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። ፎቶ የሚያሳይሽ ያቺን አንዷን ጢንዚዛ ነው፤ ከነአቧራዋ፣ ከነተሰበረ እግሯ፣ ስትደርቅ ከተጣመመው አንቴናዋ ጋር። ስዕል የሚያሳየው ዝርያውን ነው። ብዙ ናሙና ጎን ለጎን ትደረድሪያለሽ፣ ከአንዱ እግሩን ከሌላው አንቴናውን ትወስጃለሽ፣ የትኛው ምልክት የዝርያው መለያ እንደሆነ የትኛው ደግሞ የዚያች የአንዷ ጠባሳ እንደሆነ ትለያለሽ፣ ከዚያ ነው መስመር የምታሰምሪው። ይህን ውሳኔ ካሜራ አይወስንልሽም። ትኩረቱን በትንሽ በትንሹ እያሸጋገሩ ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ላይ ማዋሃድ የሚባል ዘዴ አለ፤ ግሩም ነው፣ እኔም ለመነሻ እጠቀምበታለሁ። ግን ብርሃን የሚያሳልፉና የተደራረቡ ክፍሎች ላይ ሲደርስ ያስቸግራል። ለምሳሌ የወንዱ የመራቢያ አካል። ውጫቸው ፍጹም አንድ የሚመስል፣ የሚለዩት በዚያ ብቻ የሆነ ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ጋ ጥርት ያለ የመስመር ስዕል የሚተካው አላየሁም።

ዲግሪው ግድ አይደለም። እውቀቱ ግን ግድ ነው፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ከእግር ጀምሪ። እያንዳንዱ እግር አምስት ዋና ክፍል አለው፦ ከደረት ጋር የሚያያይዙት ሁለት አጫጭር፣ ቀጥሎ ጭን፣ ቅልጥም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሱ በትናንሽ አንጓዎች የተከፋፈለው ጫፍ። እነዚያን የጫፍ አንጓዎች በግምት ከሳልሽ ጢንዚዛሽን ወደ ሌላ ቤተሰብ፣ ማለትም ወደ ሌላ የዝርያዎች ቡድን፣ አሻገርሻት ማለት ነው። ዝንብ ላይ ደግሞ ጸጉር አለልሽ። ደረቷ ላይ ያሉት ጠንካራ ጸጉሮች ቁጥራቸውም ቦታቸውም ዝርያ መለያ ነው፣ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የኤአይ ምስል የሚወድቀውም እዚሁ ነው፤ ያማረች ጢንዚዛ ይሰጥሻል፣ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች ግን ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

የተርብ ሰው፦
እኔ ስዕል ከሚያሠሩት ወገን ነኝ፣ ተርቦች ላይ ነው የምመራመረው። ላይኛው መልስ ላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ከእኛ በኩል የሚታየውን ልጨምርልሽ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ልኩን ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚገጠም የመሳያ ቱቦ አለ፤ ናሙናውንና እርሳስ የያዘውን እጅሽን አንድ ላይ ስለሚያሳይሽ ቅርጹን ተከትለሽ ታሰምሪያለሽ። ሐሳቡ የቆየ ነው፣ ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ካሜራ ሉሲዳ ለሚባለው መሣሪያ የፈጠራ መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1806 ነው። ቱቦው ከሌለሽ በማይክሮስኮፑ መነጽር ውስጥ የሚቀመጥ ካሬ ካሬ መስመር ያለው መስታወትም ይሠራል።

ከስዕሉ ጎን የመለኪያ መስመር አስቀምጪ። «10 ጊዜ ጎልቷል» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ መጽሔቱ ስዕሉን ሲያሳንሰው ቁጥሩ ውሸት ይሆናል፣ መስመሩ ግን አብሮ ያንሳል። ከሚታተምበት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ አድርገሽ ሳዪ። ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል፣ ችግሩ በጣም የቀጠነ መስመርም አብሮ ይጠፋል፣ ተጠጋግተው የተነጠቡ ነጥቦችም ተያይዘው ጥቁር ጥፍጥፍ ይሆናሉ። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይምጣ። የሙያው ልማድ ነው፣ አንባቢው ጉብታውን ከስርጉዱ የሚለየው በዚያ ነው።

ደግሞ ይህን አጥብቀሽ ያዢ። አዲስ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚታሰርበት ዋና ናሙና አንድ ብቻ ነው። አንቴናው ከተሰበረ ምትክ የለውም። ስለዚህ መሳሉን ከመልመድሽ እኩል ናሙናው የተሰካበትን መርፌ ይዞ ማዞር፣ ማጋደል፣ መመለስ ተለማመጂ፤ ተራ በሆኑ፣ ማንም በማይፈልጋቸው ናሙናዎች። እጇ የማይታመን ሰዓሊ ጋ ዋና ናሙና የሚልክ ሙዚየም የለም።

ባለ ብሩሽ፦
አታባብሉኝ ስላልሽ የገንዘቡን ነገር ልናገር። ነፍሳት ብቻ እየሳለ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ፍሪላንስ ነን፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሜዳ መለያ መጽሐፍ፣ የሰብል ተባይ መመሪያ፣ የሙዚየም ፓነል፣ አንዳንዴም ማስተማር እያቀላቀልን ነው የምንኖረው። የምርምር ጽሑፍ ስዕል ስም ያወጣልሻል፣ ኪስ ግን አይሞላም፣ ምክንያቱም የተመራማሪው በጀት ራሱ ቀጭን ነው።

ዋጋ በነፍሳቱ መጠን አትተምኚ። ከ3 ሚሊሜትር የማትበልጥ ተርብ ከትልቅ ቢራቢሮ የበለጠ ሰዓት ልትበላ ትችላለች። ሥራ ስትቀበዪ ስንት ጊዜ እርማት እንደምትሠሪ በጽሑፍ ተስማሚ። የእርሳሱን ንድፍ ተመራማሪው አይቶ ካላጸደቀ ቀለም አታስነኪው። የምትሸጪውም የመጠቀም መብቱን ይሁን፣ የቅጂ መብቱና ዋናው ስዕል አንቺው ጋ ይቅር፤ ያው ስዕል ነገ ለሌላ መጽሐፍ ሊፈለግ ይችላል። ብቻሽንም አትሁኚ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዋሽንግተን ውስጥ ስሚዝሶኒያን ከሚባለው የሙዚየሞች ተቋም ሰዓሊዎች የተነሳ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዓሊዎች ማኅበር አለ፣ ከሌላ አገርም አባል ይቀበላል፣ ስለ ውልና ስለ ዋጋ እዚያ በግልጽ ይወራል።

አባጨጓሬ፦
ሁላችሁም ስለ ደረቀ ናሙና ብቻ አወራችሁ፣ በዚህ አልስማማም። ጀርመን የተወለደችውን ሰዓሊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን እዩ። ነፍሳት ከጭቃ ይፈጠራሉ ብሎ የሚያምን ሰው ገና በሞላበት ዘመን አባጨጓሬ ቤቷ እያሳደገች፣ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለውን ለውጥ በዓይኗ እየተከታተለች ሳለች። እ.ኤ.አ. በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ታናሿን ሴት ልጇን ይዛ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ድረስ በመርከብ ሄደች፤ ታማ በ1701 ተመለሰች፣ መጽሐፏ በ1705 ወጣ። እያንዳንዱን ነፍሳት ከሚበላው ተክል ጋር ነበር የምትስለው። ይህ ዛሬም ያስፈልጋል። የፌንጣ አረንጓዴ ከሞተ በኋላ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ሕያዋን ካላየሽ የምትቀቢው የሬሳ ቀለም ነው። እንደ ብረት የሚያብረቀርቁት ጢንዚዛዎች ሌላ ናቸው፣ ቀለማቸው ብርሃን ከቅርፊታቸው ንብርብር ሲመለስ የሚፈጠር ስለሆነ ዘመን ይቆያል፤ ግን ራስሽን ባንቀሳቀስሽ ቁጥር ስለሚቀያየር አንድ የመብራት ቦታ መርጠሽ እዚያው ጽኚ።

ስዕል ጥያቄ ሊያስነሳም ይችላል። ኮርኔሊያ ሄሰ ሆኔገር ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ለተመራማሪዎች ስትስል የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል የኑክሌር አደጋ በኋላ፣ በ1987፣ ስዊድን ሄዳ ቅጠል ላይ የሚኖሩ ነፍሳት ሰብስባ የተጣመመ ክንፋቸውንና አንቴናቸውን በውሃ ቀለም ሳለች። ብዙ ሳይንቲስቶች መንስኤው ጨረር ነው የሚለውን አልተቀበሉላትም፣ ክርክሩ ግን የተነሳው እሷ ቁጭ ብላ በመሳሏ ነው። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ጢንዚዛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። አንድ ነገር ብቻ፦ ታብሌት ልግዛ ወይስ በወረቀት ልጀምር?

ነጥብ በነጥብ፦
በእርሳስና በቀለም ብዕር ጀምሪ፣ ርካሽም ነው፣ መስመርሽንም ያጠራዋል። ታብሌቱ በኋላ ይመጣል፣ እርማት ላይ በእውነት ጊዜ ይቆጥባል። ግማሹን ስለሽ ወደ ሌላው ጎን መገልበጥም ትችያለሽ፤ ብቻ ክንፋቸው አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ነፍሳት ላይ ይህን እንዳትሞክሪው።

የተርብ ሰው፦
ሥራ ለማግኘት ደግሞ ከሁሉም ዓይነት አንድ አንድ ከመሳል አንድ ቤተሰብ ምረጪና እሱን እስክትጠግቢው ሳዪ። እኔ ለሥራ የምደውለው በቡድኑ ላይ ዓይኗ ለተፈታ ሰው ነው። ከዚያ በዚያ ቤተሰብ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች አጭር ኢሜይል ከስዕሎቹ ጋር ላኪ። የመጀመሪያውን ስትጨርሺ ከመለኪያ መስመሩ ጋር እዚህ ለጥፊው፣ የአንቴናውን አንጓ ቆጥሬ እመልስልሻለሁ።