«ዘንድሮ ክረምቱ ሊባጅ ነው» ምን ማለት ነው?

የቢቸናው ልጅ፦ ሰላም ቤተሰቦች። አንድ አባባል አስቸግሮኝ ነው። አያቴ ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው የሚኖሩት። ትናንት ስደውልላቸው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፃቸውን ይውጠው ነበር። ጥቅምት ገብቶ እኮ ነው! «ጤፉ እንዴት ነው?» ብላቸው «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ሊባጅ ነው» አሉኝ። እኔ «ባጀ» ለሰው ሲባል ነው የማውቀው። እንዴት ባጃችሁ እንላለን። ክረምት ራሱ እንዴት ይባጃል? ደግሞስ ዝናቡ በጋውን ሙሉ ይቀጥላል ማለታቸው ነው ወይስ ዘገየ ለማለት ብቻ?

ባለቅኔው፦ ግሩም አነጋገር ነው። ከረመና ባጀ መንትያ ናቸው። ክረምትን ያሳለፈ ከረመ፣ በጋን ያሳለፈ ባጀ። አያትህ ክረምቱን መሄጃው ደርሶ አልነሣ እንዳለ እንግዳ አድርገው ነው የተናገሩት። ሥሩ የግዕዙ «ሐጋይ» ነው። «በሐጋይ» ሲባል ሲባል «በጋ» ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ባጀ።

ሆሄ ጠባቂ፦ በሐጋይ በጋ ሆነ የሚለውን እቀበላለሁ። ገ እንዴት ጀ ሆነ? «እድ» እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ከወለደ ልጅ እንደወጣ አውቃለሁ። ሂድ ለሴት ሲሆን ሂጂ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ከደ የመጡ ናቸው። ገ ወደ ጀ የሄደበት አንድ ሌላ ቃል አምጡልኝ።

ባለቅኔው፦ ሐጋይ መጨረሻው ላይ «ይ» አለው ወንድሜ። ያለሰለሰው እሱ ነው። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ይህን የኔታ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሆሄ ጠባቂ፦ የኔታን አከብራለሁ። ምሳሌው ግን አልመጣም።

የሰንበት ተማሪ፦ እኔ «ሊባጅ» የምትለዋ «ሊ» ላይ ነው የቆምኩት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው። ሐጋይ፣ ማለትም በጋው፣ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ክረምቱ ገና አልባጀም፣ ሊባጅ ነው። እማማ ልክ ናቸው። በነገራችን ላይ እባካችሁ አደይ አበባ ባያችሁ ቁጥር «ጸደይ መጣ» አትበሉ። ጸደይ ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። የአበባው ወቅት መጸው ይባላል።

ከሚኒሶታ፦ እኛ እዚህ ኅዳር ላይ በረዶ ሲጥል ክረምት ገባ እንላለን። ልጄን ኢትዮጵያ ክረምት ሐምሌ ነው ስላት ግራ ገባት። ተሳስተን ነው?

የሰንበት ተማሪ፦ አልተሳሳታችሁም እህቴ። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ላይ ክረምት አለፈ፣ ዝናቡም ሄደ ይላል። የዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው። ቃሉ ብርዱንም ዝናቡንም ይዞ ነው የመጣው።

ዝናብ ለኪ፦ ሥራዬ ከዝናብ መረጃ ጋር ስለሆነ ልግባበት። በሜትሮሎጂ አከፋፈል ወቅቱ ሦስት ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት። መጸው የሚባል የለም። በዚህ ቁጥር ጥቅምት ላይ የዘነበው ቀድሞውኑ ባጅቷል። የዝናቡ ቀበቶ መስከረም ላይ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ያኔ ቦረና «ሀገያ»፣ ሶማሌ «ዴይር» የሚሉት ዝናባቸው ይጀምራል። የህንድ ውቅያኖስ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ሲሞቅ ይህ ዝናብ ይበረታል፣ ደጋውም ላይ እርጥበት ይደርሳል። 2012ን አስታውሱ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውኃ ነበር፣ አንበጣውም በዚያ እርጥበት ነው የተራባው። አጎቴ ክምሩን ሲገልጥ ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቶ አይቻለሁ፤ እጁ ላይ ይዞት ዝም አለ። ግን የሁለት ሳምንት ዝናብ ብቻውን ስለ በጋው አይናገርም። ባሕሩን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ደህና ነገር አለው፤ ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፣ ደመና ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ጤፉ ከጋሸበ ግን ጋቢው ምን ይረባል።

ባለቅኔው፦ ሀገያ! ሐጋይ! ተመልከቱ፣ አንድ ቃል ነው!

የጅግጅጋ ልጅ፦ ቆይ እንጂ መምህር። የቦረና ሀገያ ዝናብ ነው፣ የእናንተ ሐጋይ ደረቅ ነው። የእኛ ሶማሊኛ «ሐጋ» ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ደረቅና ነፋሻ ጊዜ ነው። አንድ ቃል ከሆነ እንዴት ለዝናብም ለድርቅም ዋለ?

ከሰላላ፦ ይሄማ አይገርምም። እዚህ ኦማን ከሰኔ ጀምሮ የሚያካፋውን «ኸሪፍ» ይሉታል። ሌላው ዐረብ ኸሪፍ ሲል ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ነው። ዕብራይስጥ «ሖሬፍ» ብሎ ብርዱን ይጠራበታል። በግዕዝ «ኀሪፍ» የያዝነው ዓመት ነው። የወቅት ስም ከሕዝቡ ጋር ይሰደዳል፣ የደረሰበትን አገር ሰማይ ይለብሳል።

የሰንበት ተማሪ፦ እውነት ነው። እኛስ የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» የምንለው በክረምት ስለምንቆጥር አይደል?

ሆሄ ጠባቂ፦ ከርሞ ላይ እስማማለሁ። ገ እና ጀ ላይ ግን ገና ነን።

የቢቸናው ልጅ፦ ዛሬ መልሼ ደወልኩላቸው። ትርጉሙን ብጠይቃቸው «ምኑን ልተርጉምልህ፣ ክረምቱ አልሄድ አለ ነው» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ወጥቷል። በወንዙ በኩል ያለው ጤፍ ጋሽቧል፤ በላይ በኩል ያለው ግን ቆሟል፣ እሱን ቀድመው ሊያጭዱ ደቦ ጠርተዋል። በጋውን ሙሉ ይሁን ዘገየ ለማለት ይሁን አሁንም አላወቅሁም።

ሆሄ ጠባቂ፦ እሰይ፣ ፀሐዩን ያቆይላቸው። ቃሉን ያገኘ ካለ ማታ እገባለሁ።