ስልኬ ጠዋት ዝም ብሎ ማታ ዮጋ ላይ ይጮኽብኛል፣ ለነገ ድረሱልኝ

የሳሪሷ (ማታ 3:05)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። ነገ 2:30 ልጄን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማድረስ አለብኝ። ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ ግን አላምነውም። ባለፈው ሳምንትም ሞልቼ ነበር፣ ጠዋት ጭጭ አለ። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ፣ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ነጠላ ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ ገና ልቤ መለስ ሲል “ጥርስ ሐኪም!” ብሎ አንባረቀብኝ። ቀጠሮው እንደገና ስንት ደጅ ጠንቼ ነው የተሰጠኝ። ደግሞ እግሬ እዚያው ተሰቅሎ ይደነዝዛል። ረጋ ልበል፣ ኑሮዬን መልክ ላስይዝ ብዬ የጀመርኩት ነገር ጭራሽ አዞረብኝ።

የመርካቶ_ልጅ
2:30 ብለሽ ሞልተሽ ነዋ። ስልክ የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ስድስት ደምሪበት፣ 8:30 በይው። አለቀ።

ቡና_አፍልቱ
ስልኩ ምን አጠፋ፣ ጥርስ እኮ የሚታመመው ማታ ነው 😂

ጡረተኛው
ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ነገሩ ከሥሩ አልጣመኝም። ዮጋ የሂንዱዎች ነው። እኛ ስግደት አለን። ማለዳ ተነስቶ የሰገደ ሰው ወገቡም ይፍታታል፣ አሳቡም ይሰበሰባል። በእኛ ጊዜ ቀጠሮ በቃል ነበር፣ የሚያረፍድም አልነበረም።

ቡና_አፍልቱ
ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ “የሐበሻ ቀጠሮ” የሚባለውን ማን አመጣው?

የሳሪሷ
አባቴ፣ ጸሎቴን አልተውኩም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፣ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው። የመርካቶ ልጅ፣ 8:30 ብዬ ነው የሞላሁት፣ ያን ያህልማ አልሞኝም።

ከሜሪላንድ
ጋሼ ያሉት እውነት አለው፣ ዮጋ ከህንድ እምነት ጋር የቆየ ነው። ቃሉም ሳንስክሪት ነው፣ በሬ የሚጠመድበት ቀንበር በዚያው ቋንቋ ከሚጠራበት ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ይሄ የእረፍት ዮጋ የሚባለው ግን ወደዚህኛው መልኩ የመጣው በቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር (1918–2014 በፈረንጅ) በኩል ነው። ሰውየው ልጅ ሳለ ወባ፣ ታይፎይድና ሳንባ ነቀርሳ ተፈራርቀውበት ያደገ ነው። ስለዚህ አቅም የሌለው ሰውም እንዲችለው በብርድ ልብስ፣ በቀበቶ፣ በወንበር መደገፍን አስተማረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተማሪው ጁዲት ሃንሰን ላሳተር አስፋፋችው። እዚህ እኔ የምሄድበት ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ወይ አምስት አቀማመጥ ብቻ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ቀን ገንዘቤን የተበላሁ ነበር የመሰለኝ…

ቡና_አፍልቱ
ቀንበር ነው እንዴ! እኔማ ከተጠመድኩ ቆየሁ።

አዲስ_ገቢ
እህቴ ስድስት ሰዓት ደምሪበት፣ ስልክ በፈረንጅ ነው የሚሠራው።

የሳሪሷ
8:30 ነው አልኩ እኮ!!

ሞባይል_ጠጋኙ
ቆይ እስቲ። ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የጮኸው?

የሳሪሷ
ሁለት ተኩል ገደማ። ከልጆቹ እራት በኋላ ነው።

ሞባይል_ጠጋኙ
ተገኘ። ልክ 12 ሰዓት ዘግይቷል፣ ማለት 8:30 ብለሽ ጽፈሽ ፒኤም ላይ ትተሽዋል። ማታ ማታ ስትሞዪ ስልኩ ብዙ ጊዜ ፒኤም ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቅሽ። አሁኑኑ የነገውን ክፈቺና እዪው። ከዚያ የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ “ቀንና ሰዓት” የሚለው ጋ ግቢና 24 ሰዓት አድርጊው። ጠዋት ሁለት ተኩል 8:30 ይሆናል፣ ማታ ሁለት ተኩል 20:30፤ መምታታት የለም። ርዕሱ ላይም “ጥርስ፣ ጠዋት 2:30 በእኛ” ብለሽ ጻፊ።
ካርዱ ላይ ያለው ቀንስ? በእኛ ነው በፈረንጅ? እኔ ቤት “12/5” የሚል ካርድ ይዞ የመጣ ደንበኛ አለ፣ ጥር 12 ይሁን ሜይ 12 ሳያውቅ ወር ሙሉ የተሟገተ። ጥምቀትን ያዢ፦ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ነው የሚውለው፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ቀጥሎ ያለው 20 ላይ ይገፋል።

የሳሪሷ
ወይኔ ፒኤም ነው!! የነገውም ፒኤም ነው!! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱ በእኛ ነው፣ ነገ ነው። እግሬስ?

ዝምታ
ስለ እግርሽ እኔ ልበል፣ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። መቀመጫሽን ግድግዳው ላይ ለጥፈሽዋል መሰለኝ። አንድ ስንዝር ራቂ፣ ጉልበትሽን አትገትሪው፣ ላላ ይበል። ጋቢ አራት አጥፈሽ ከዳሌሽ ሥር አድርጊ። አሁንም ከደነዘዘ ግድግዳውን ተዪው፤ ወለል ላይ ተንጋለሽ ባትሽን ወንበር ላይ አሳርፊ፣ ያው ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስትነሺ ዘለሽ አትነሺ፣ በጎን ተገልብጠሽ ትንሽ ቆይ። ግላኮማ ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው። ያለ ግድግዳም የሚደነዝዝሽ ከሆነ ታዪ።
ስልኩን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። እኔ ከመተኛቴ በፊት የነገን ሦስት ነገር በእስክሪብቶ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቴ አይቆጥርም።

የሳሪሷ
ስልኩን ካራቅኩ አሥር ደቂቃው መሙላቱን በምን አውቃለሁ?

ጡረተኛው
አያቴ ከእርሻ ሲመለሱ መደብ ላይ ተጋድመው እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያርፉ ነበር። ዮጋ ነው ያላቸው ግን አልነበረም። ደቂቃም አይቆጥሩም፣ ቡናው ሲፈላ ይነሱ ነበር።

ቡና_አፍልቱ
ይኸው ጋሼም ተሸነፉ! ጀበናው ይጠራሻል፣ የሳሪሷ።

ሞባይል_ጠጋኙ (በማግስቱ፣ ጠዋት 4:20)
የሳሪሷ፣ ጮኸ? ደረሳችሁ?

አዲስ_ገቢ (ከሰዓት 9:00)
ስድስት ሰዓት ካልደመረች አይጮኽም።

ዘሪቱ_ሰፈር (ማታ 1:40)
በዚሁ ላይ እኔም ልጠይቅ፦ 24 ሰዓት ካደረግሁት በኋላ እናቴ ስልኩን አይታ “16 ሰዓት ምን ማለት ነው?” አለችኝ። ስልኩ በእኛ ሰዓት የሚያሳይበት መንገድ የለም ወይ?